ጥፍር የሚይዝ ጭረት

መልካ ወረር አጠገብ ካለ አንድ የግል የጥጥ እርሻ ስንደርስ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። የመጋዘኑ በር ተገንጥሏል፣ ጓጉንቸሩ መሬት ላይ ወድቋል፣ የቀን ጥበቃው አባ ኡበይዳ ደግሞ ከነጠመንጃቸው የሉም። የሰኔ ፀሐይ በዚያ ሰዓት እንኳ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣብቃዋለች።

የሆነውን የነገረን የማታ ጥበቃው ነው።

«ትናንት እሑድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልተካቸው ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለ። «ስድስት የውኃ ፓምፕ ነበር፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። አንድም የለም። እሳቸውም የሉም።»

«ማን ወሰደው ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሁሉ ሽማግሌው ነው ይላል።»

ሰው ሁሉ ይላል። ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ሥራ ያቀላል፤ እኔም ሥራ ሲቀልልኝ አልጠላም። ሳጅን ከድሩ እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አፋርኛን ከአማርኛ እኩል እናገራለሁ። አለቃዬ ዋና ኢንስፔክተር ንጋትወርቅ ግን ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነቅላ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የዚህች ሴት ጠላቷ ወንበር ነው። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፣ ወረቀት እየተራመደች ታነባለች፣ ሰው ስትመረምር ግድግዳ ለግድግዳ ትሄዳለች። ከእሷ ጋር የዋለ ሰው ማታ እግሩን ያመዋል።

መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ስትዞር ቆየችና ጠራችኝ።

«ፓምፖቹ የነበሩት እዚህ ነው አይደል?»

«እዚህ ነው ብሏል።»

ከወለሉ ጣውላ እስከ ግድግዳው ድረስ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ወፍራም ነው፤ አቧራ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል።

«ትናንት ስድስት ካርቶን ከዚህ ከወጣ፣ ይሄን ድር ማን ሠራው?»

«የአፋር ሸረሪት ታታሪ ናት» አልኩ።

አልሳቀችም። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫረችና ወጣች።

የጥበቃው ጎጆ አራት እርምጃ የማትሞላ የቆርቆሮ መጠለያ ናት። አጠገቧ ካለው ግራር ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ንጋትወርቅ አወዛወዘችው። ሙሉ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ምንጣፍ፣ የሶላት መስገጃ፣ ምስማር ላይ ደግሞ ዘይት የጠጣች ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የጠመንጃ አፍ መሸፈኛ። አቧራ እንዳይገባበት።»

«ስድስት ፓምፕ ሰርቆ በረሃ የሚገባ ሰው ውኃውን ይረሳል?»

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። «አፋር ነፍሱን ይረሳል እንጂ ውኃውን አይረሳም» አልኳት። «ሌላው ቀርቶ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲሄድም ይይዛል።»

«እንግዲያው አልሄደም ማለት ነው። ወስደውታል።»

ከዚህች ደቂቃ በኋላ ጉዳዩ የፓምፕ መሆኑ ቀረ። ስልሳ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ አንድ ጉልበታቸው የታመመ ሽማግሌ በአርባ ሁለት ዲግሪ ሙቀት ያለ ውኃ የሆነ ቦታ አሉ። በሕይወት ካሉ።

ልጃቸው ሀምዳ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። ሰመራ አንድ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት። አባቷ ስልክ ስለሌላቸው ዘወትር ማታ በማታ ጥበቃው ስልክ ነው የምታገኛቸው። ትናንት ስትደውል ጠፍተዋል ተባለች፤ ከንጋት በፊት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈረች።

«አባቴ ሌባ አይደለም» አለች፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። «እኔ የሰው እስክሪብቶ ይዤ ቤት ስገባ በመጣሁበት እግሬ መልሶኛል። ይሄን ጻፊልኝ።»

ንጋትወርቅ ጻፈችላት። ለምን እንደጻፈች ስጠይቃት «እሷ እንዲቀልላት» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ የእርሻው ነጭ ፒካፕ ግቢ ገባ። ከእሱ የወረደው የመጋዘን ኃላፊው ኃይለ ልዑል ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ እንዴት እንደሚችልበት እንጃ። ሾፌሩ እንድሪያስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከደብረ ታቦር ከመጣ ስምንት ወሩ ሲሆን ፊቱ አሁንም የሙቀቱን ነገር አላመነም።

«ቅዳሜ ማታ ነው ሰመራ የገባነው» አለ ኃይለ ልዑል። «ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ይሄንን ሲነግሩኝ ጥዬ መጣሁ። ሃያ ዓመት ያመንነው ሰው እንዲህ ያድርገን?»

«መኪናውስ?»

«ሆቴሉ ግቢ ቆሞ ነበር። ይኸው ሾፌሩ።»

«ሸራ አልብሼው ነበር» አለ እንድሪያስ። «ከቅዳሜ ማታ እስከ ዛሬ ንጋት አልተንቀሳቀሰም።»

ይህንን እየተናገረ ሳለ ሀምዳ ከበስተኋላዬ «አባቴ» የሚል ቃል አወጣች መሰለኝ። እንድሪያስ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው አንገቱን ደፋ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰመራ ወደሚገኘው ሆቴል የደወልኩት እኔ ነኝ።

«እሑድ ዕለት ነጭ ፒካፕ ግቢያችሁ ቆሞ ነበር?» አልኩት የሆቴሉን ዘበኛ።

«አዎ ጌታዬ። ሸራ ለብሶ፣ ቀኑን ሙሉ።»

«አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ። አንድ ጥያቄ ብጨምር ምን ነበረበት? ይህቺ ስልክ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

በእኔ ማረጋገጫ እንድሪያስ የመኪና ዕቃ ልግዛ ብሎ ወደ አዋሽ ሄደ፤ ኃይለ ልዑል ቢሮው ገባ። ንጋትወርቅ በግቢው ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ስትል የማታ ጥበቃው አንድ ነገር ትዝ አለው። እሑድ ቀትር ላይ አንድ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ በሩ አጠገብ ካለው ጥላ ሥር ቆሞ እንደነበር ጎረቤት ነግሮታል። ሾፌሩ አብዮት ይባላል፤ መንገደኛ ነው፣ ሁልጊዜ እዚያ ያርፋል።

«ቦቴ ከኋላው ስድስት ካርቶን አይጭንም» አልኩ።

«ሰው ግን ይጭናል» አለች። ለቦቴው ባለቤት ደወለች። አብዮት አዋሽ ነው፤ የፊት መስታወቱ ተጭሮበት እያስወለወለ ነው።

«ተጭሮበት?» አለች ንጋትወርቅ። ቀድማኝ መኪና ውስጥ ገባች። የኋላው በር ሲከፈት ሰምተን ስንዞር ሀምዳ ተቀምጣለች።

«ውረጂ፣ እናቴ» አልኳት።

«አልወርድም።»

አልወረደችም።

ሙእሚን በአዋሽ የታወቀ መስታወት ወልዋይ ነው። በሁለት ሲኖትራክ መካከል ጆንያ ወጥሮ ጥላ ሠርቷል፤ መስታወቶቹንም በእርጥብ ጨርቅ ያለብሳቸዋል። የጋለ መስታወት ላይ ማሽን ካሳረፍክ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ይጀምራል፣ ቀትር ሲቃረብ ያቆማል። አብዮት ሆዱን ገልጦ ጥላው ሥር ተጋድሟል።

«እሑድ ቀትር ላይ የት ነበርክ?» አለችው።

«እንቅልፍ ላይ! ከጅቡቲ ስነዳ አድሬ መጥቼ ሌላ የት እሆናለሁ?»

«መስታወትህን ምን ጫረው?»

አብዮት ተነሥቶ ተቀመጠ። ይህ የቆሰለበት ቦታ ነው። «ረዳቴ! አውሎ ነፋስ ያዘንና አቧራው ሲለጠፍ፣ ውኃ ሳያፈስ ዋይፐሩን ለቀቀው። ጎማው ደግሞ በሙቀት ቀልጦ አልቋል፤ ብረቱ በላው። የጥርስ ሳሙና ይነቅለዋል አሉኝ፣ ሁለት ቱቦ ጨረስኩበት። መኪናው ጥርሱን የቦረሸ ይመስል ሚንት ሚንት ይሸታል እንጂ ጭረቱ እንዳለ ነው።»

ሙእሚን ማሽኑን አጥፍቶ ሳቀ። «እውነቱን ነው እህቴ። ይኸው ተመልከች፣ ክብ ሠርቶ ነው የሄደው። ይሄ የዋይፐር ነው። አሁን ጥፍርሽን በላዩ አሻግሪ።»

ንጋትወርቅ አሻገረች።

«ያዘሽ?»

«ትንሽ።»

«ጥፍር ካልያዘ እኔ አወጣዋለሁ። ጥፍር ከያዘ ግን አላህ ነው የሚያወጣው፤ መስታወቱ ይቀየር ነው የምለው። ብዙ ከሞረድኩት ይጎደጉዳል፣ መንገዱ ጠማማ ሆኖ ይታያል።»

እሷ ግን መስታወቱን ትታ ወደ አብዮት ዞራለች። «እሑድ እዚያ ስትተኛ ያየኸው ነገር የለም? የገባ፣ የወጣ?»

«ነጭ ፒካፕ ሲወጣ ቀስቅሶኛል፤ በጥሩምባ። ከመንገዱ ዘወር በል ብሎኝ ነው። ነጭ ፒካፕ ደግሞ በዚህ አገር ከፍየል ይበዛል፣ ማን ቁጥር ይይዛል?»

ይኸው ነው ያገኘነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሀምዳ መኪናው ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔም ከዚህ ሰው ጋር ግማሽ ቀን አቃጠልን እያልኩ ውስጤ ይነድዳል።

«ነጭ ፒካፕ አትበለኝ» አለ ሙእሚን ድንገት፣ እጁን በጆንያ እየጠረገ። «ዛሬ ጠዋት አንዱ አናቴን አዞረው። ይሄን ጭረት እስከ ቀትር ድረስ አጥፋልኝ፣ አለቃዬ ይቆጣኛል ይላል። የመወልወያ ዱቄቱን በጥብጬ፣ ውኃ እየረጨሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሞረድኩት። ንቅንቅ የለም! በኋላ ጥፍሬን ባሻግር ልስልስ ያለ ነው። ለካ ጭረቱ ከውስጥ በኩል ነው!»

ንጋትወርቅ መራመዷን አቆመች። «ከውስጥ?»

«ከውስጥ። በገቢናው፣ በተሳፋሪው በኩል። እሱ ፌሮ ጭኜ ነው ይላል፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ይሄን ስሠራ ፌሮ እንደዚያ ሲጭር አላየሁም። ፌሮ አንዴ ይጎትታል። ይሄ አጭር አጭር ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር። የጠመንጃ ነው። እዚህ አገር የከረመ ሾፌር ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲጭን አፈሙዙን ጨርቅ ጠቅልልልኝ ይላል። ይሄ ልጅ ገና ነው፣ አያውቅም።»

«መኪናው የት አለ?»

በአውራ ጣቱ ወደ ኋላው ጠቆመ። ጆንያ ለብሶ የቆመው የእርሻው ፒካፕ ነው።

ሮጥን። ጆንያውን ገፈፍኩት። ከውጭ ስታየው ምንም አይደለም፤ ገብተህ ከተቀመጥክ ግን ከፊትህ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ድንብዝብዝ ያለ ቦታ አለ።

«ከድሩ፣ ክላሽህን በእግርህ መሃል አቁመው።»

ገብቼ ተቀምጬ አቆምኩት፤ ወደ መስታወቱ አዘነበልኩት። አፈሙዙ ከጭረቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነካ።

«አይደርስም» አልኩ።

«አይደርስም» አለች። «ከክላሽ የሚረዝም ነው። ሀምዳ! የአባትሽ ጠመንጃ ምን ዓይነት ነው?»

«ምንሽር» አለች ሀምዳ። «የአያቴ የነበረ። ከእኔ ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሰው።»

ያኔ ምስማር ላይ የነበረችው ጨርቅ ትዝ አለችኝ። አባ ኡበይዳ ውኃቸውን ብቻ አይደለም የረሱት።

ስልኬን አውጥቼ ወደ ሆቴሉ እንደገና ደወልኩ። ያው ዘበኛ አነሣው።

«ወንድሜ፣ እሑድ ያየኸው ሸራውን ነው ወይስ መኪናውን?»

«ሸራውን ነዋ። ሸራው እኮ አሁንም እንዳለ ነው፤ ረስተውት ሄዱ።»

«አሁንም አለ? ሂድና ከሥሩ ያለውን ተመልከት።»

የእግሩን ኮቴ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ሸራ ሲገለጥ ሰማሁ። 

«ጌታዬ፣ የኛው አሮጌ ፒካፕ ነው። ጎማ እንኳ የለውም።»

እንድሪያስ ከሙእሚን ቀጥሎ ካለው ምግብ ቤት ሽሮ አዝዞ ተቀምጧል። አልነካውም። ሲያየን ለመሮጥ እንኳ አልሞከረም። ንጋትወርቅ ወደ ጣቢያ አልወሰደችውም፤ ፒካፑ ገቢና ውስጥ፣ በተሳፋሪው ወንበር፣ ከጭረቱ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። እሷ በተከፈተው በር ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ይሄን ማን ጫረው?»

«ፌሮ ጭኜ ነበር።»

«ከፊት ወንበር ላይ ፌሮ ትጭናለህ?»

ዓይኑን ከጭረቱ ላይ አነሣ።

«ሰውዬው የት ናቸው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«እንድሪያስ፣ ስማኝ። አሁን ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። የተሠረቀው ፓምፕ ነው፤ በፓምፕ ማንም ዕድሜ ልኩን አይታሰርም። እሳቸው ከሞቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በየደቂቃው ወደዚያ እየሄድክ ነው። የት ናቸው?»

ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።  ከዚያ ከመስኮቱ ውጭ ሀምዳን አያትና ተሰበረ።

«እገድላለሁ ብዬ አይደለም» አለ። «ማርያምን! ኃይለ ልዑል ነው። ፓምፖቹ ከወጡ ወራቸው ነው፤ ማክሰኞ ንብረት ቆጣሪዎች ይመጣሉ፣ ሌባ ያስፈልጋል አለኝ። እሑድ ንጋት ከሰመራ ተነሥቼ መጣሁ። በሩን የገነጠልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው መኪናው ውስጥ ሆነው ሲጠብቁኝ። ሩቅ ወስደህ ጣላቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል፣ እስከዚያ ወሬው ያልቃል አለኝ።»

«እንዴት እሺ ብለው ተሳፈሩ?»

መልሱን ወለሉን እያየ ነው የሰጠው። «ልጅዎ ታማለች፣ ሰመራ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ይድረሱ አልኳቸው። ጠመንጃቸውን አንሥተው ዘለው ገቡ። ሌላ ምንም አልያዙም።»

ሀምዳ የመኪናውን በር ይዛ ቁጭ አለች፣ መሬት ላይ።

«የት ነው የጣልካቸው?»

«አዳይቱን አልፎ፣ ወደ ጠጠር ማውጫ የሚያስገባ የተተወ መንገድ አለ። አርባ ደቂቃ ወደ ውስጥ ገባሁ። አቋራጭ ነው አልኳቸው። የአሱር ሶላት ደረሰና አቁምልኝ አሉኝ። ወረዱ። በግንባራቸው ሲደፉ...» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ሲደፉ ነዳሁት።»

ብዙ ሰው መርምሬያለሁ። በጥፊ ለመምታት እጄ የተነሣብኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ንጋትወርቅ ክንዴን ያዘችኝ።

እንድሪያስን ለአዋሽ ጣቢያ አስረክባ፣ ኃይለ ልዑልን ቢሮው ውስጥ እንዲይዙት በሬዲዮ አስተላለፈች፤ ወደ አዳይቱ ደውላም እዚያ ያሉት ፖሊሶች ከጠጠር ማውጫው እስከ አስፋልቱ ድረስ እንዲፈትሹ ነገረች። ከዚያ ነዳን። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያን ቀን ፍጥነት ነድቼ አላውቅም። ንጋትወርቅ ጉልበቷን እያርገበገበች፣ በየአስር ደቂቃው ሰዓት ታያለች። ሀምዳ ከኋላ ሁለት ጀሪካን ውኃ አቅፋ ተቀምጣለች። ገዋኔን ስናልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«ውኃ የሌለው ሰው አይንቀሳቀስም ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለች። «ጥላ ፈልገሽ ቁጭ በይ፣ ሰው ይመጣል ብሎ።»

ጠጠር ማውጫው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የአዳይቱ ፖሊሶች ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ጠበቁን። እስከ አስፋልቱ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፣ ጥላ ያለበትን ቦታ ሁሉ አይተዋል። ምንም የለም።

የጎማው ዱካ ዞሮ የተመለሰበት ቦታ ግልጽ ነው። አጠገቡ አቧራው ላይ የሁለት መዳፍ ምልክት አለ፤ ውኃ የሌለው ሰው በመታጠብ ፈንታ በአፈር ተየሙም ያደረገበት። ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሁለት ጉልበት፣ የሁለት እጅና የግንባር ምልክት። የግንባሩ ምልክት ጠልቋል። መኪናው ሲነሣ ሶላታቸውን እንዳላቋረጡ ከዱካው ያስታውቃል፤ ከሱጁድ ተነሥተው እንደገና ተደፍተዋል። ጨርሰው ነው የተነሡት።

«ከዚህ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ ዱካ አይይዝም» አለ አንዱ ፖሊስ። «ወደ አስፋልቱ ካልሄዱ የት ይሄዳሉ? ሰው ያለው እዚያ ነው።»

ንጋትወርቅ ድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተሳስተናል» አለች። «እኛ የጠፋ ሰው ነው የምንፈልገው። እሳቸው እኮ አልጠፉም። ልጄ ታማለች ብለው ሆስፒታል እየሄዱ ነው። ከድሩ፣ ሰመራ በየት በኩል ነው?»

እጄ ሳላውቀው ተነሣ። ሰሜን ምሥራቅ። ሰው ቀርቶ ዛፍ የሌለበት ጥቁር ድንጋይ።

«በእግር?» አለ ፖሊሱ። «መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል እኮ!»

«እሱ ይሄዳል» አለች ሀምዳ። መኪናው ውስጥ ቀድማን ገባች።

ድንጋዩ አልቆ አሸዋ ሲጀምር ዱካቸውን አገኘነው። አንዱ እግር ሙሉ ነው፣ ሌላው ይጎተታል፤ ከጎኑ በየእርምጃው አንድ ቀዳዳ አለ። ምንሽሩን እንደ ምርኩዝ በሰደፉ እየተከሉ ነው የሄዱት። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ የተራራቁ ነበሩ። እየቆዩ ተቀራረቡ። ከዚያ ሰውነታቸው የወደቀበት ቦታ መጣ፣ ከዚያ የተነሡበት፣ ከዚያ ደግሞ የወደቀበት። ሀምዳ መስኮቱን ይዛ ትቆጥራለች፤ አራት ደርሳ ቆጠራውን ተወችው።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንዲት ቅጠል የሌላት ግራር ሥር አየኋቸው። ሽርጣቸውን እሾሁ ላይ ጥለው የእጅ ወርድ የምታክል ጥላ ሠርተዋል። ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው። አልተንቀሳቀሱም። ሞተሩን አጠፋሁ።

ሀምዳ ደረሰችና ተንበረከከች። ዓይናቸው ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ነኩ። ምላሳቸው ያበጠ ነው፤ በአፋርኛ ያሏት ግን ተሰማኝ።

«ማን ከአልጋ አስነሣሽ?»

እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ደህና ነኝ አባ፣ አልታመምኩም አባ ትላለች ደጋግማ፤ እሳቸው ግን አያምኗትም፣ ሙቀቷን ይለካሉ። ውኃውን በጨርቅ እያረጠብን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠናቸው።

ተሸክመን ፒካፓችን ገቢና ውስጥ አስቀመጥናቸው። ለሰመራ ሆስፒታል ሁለት ሰዓት ይቀረናል። ንጋትወርቅ ጠመንጃውን ልቀበልዎ ስትላቸው እምቢ አሉ፤ በእግራቸው መሃል አቆሙት። ከዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ወገባቸውን፣ ኪሳቸውን ይዳስሱ ጀመር።

«ምን ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

ጠየቅኳቸው። «ጨርቅ» አሉኝ። «ለአፈሙዙ። የአንተንም መስታወት እንዳልጭር።»

ንጋትወርቅ ሻሿን ፈትታ አፈሙዙ ላይ ጠቀለለችላቸው። መንገድ ስንጀምር አባ ኡበይዳ ለረጅም ጊዜ መስታወቱን ሲያዩ ቆዩና ተናገሩ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት።  እስከ ሰመራ ድረስ ጉልበቷ አልተርገበገበም።

ማክሰኞ ጠዋት አዋሽ ጣቢያ ስንገባ ኃይለ ልዑል ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃ ይጠራልኝ ይላል። እንድሪያስ ከእሱ ተለይቶ ጥጉ ላይ ነው፤ ዳቦና ሻይ ይዟል።

«ተርፈዋል» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ «ማርያም» ሲል አየሁት።

«መልእክት ልከውብሃል። አደራ ስለሆነ አደርሳለሁ።»

ጠበቀኝ። ስድብ ነበር የሚጠብቀው፤ ስድብ ቢሆን ለእሱም ለእኔም በቀለለን።

«‹የዚያን ልጅ መስታወት ጫርኩበት› ብለዋል። ‹በመንገድ ላይ ጮኾብኝ ነበር። ልጄ ታማለች ስባል ጨርቁን ረስቼ ነው። ተናድዶ ቢተወኝ አልፈርድበትም፤ የተሰጠው የሰው መኪና ነው። ይቅር በለኝ በሉልኝ።› ይኸው ነው።»

እንድሪያስ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እንደነከረ ቀረ። ሲቆረስና ብርጭቆው ውስጥ ሲወድቅ እንኳ አላየውም።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አልኩት።

 ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዞር ስል ንጋትወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ከድሩ» አለች፣ «እስቲ ወንበር አምጣልኝ።»

አመጣሁላት። ተቀመጠች።